ለኮሌታ የተቆረጠው ራጅ

በክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። ሐኪሙ ብርሃን ካለው ሳጥን በስተግራ ቆመዋል። ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ በስተቀኝ ነው፤ እጁ ማብሪያው ላይ ነበር። ባለቤቴ ወልዴ ከሁለቱ መሀል የጨርቅ ከረጢት በደረቱ አቅፎ ቆሟል። አማቴ፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ በሩ አጠገብ ወንበር እያለ ሳይቀመጡ ቆመዋል። ልጄ ምሕረት ጀርባቸው ላይ ታዝላለች፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። እኔ መቀመጥ ስለማልችል ከማዶ ግድግዳውን ተደግፌአለሁ። በእኔና በልጄ መሀል ያለው ወለል ስድስት እርምጃ ይሆናል።

ሐኪሙ ወልዴን “በል አውጣው” አሉት።

ወልዴ ከረጢቱን ፈታ። ከውስጡ የወጣው የወታደር ሸሚዝ ኮሌታ መቁረጫ ልክ ነበር።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። የምጽፈውም ወገቡን ታሞ የሐኪም ቤት ደጅ ለሚጠና ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

በደርግ ዘመን ነገሌ ቦረና ከገበያው ከፍ ብሎ የልብስ ስፌት ቤት ነበረን። ወልዴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር ወጥቶ ሻሸመኔ ሙያ ተምሮ ነገሌ የገባ ሰው ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ አገባሁት፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው የስፌት መኪና የእኔ ሆነ። ደንበኞቻችን በብዛት ከጦር ሰፈሩ የሚመጡ ወታደሮች ነበሩ። ኮሌታ እናዞራለን፣ ሱሪ እናሳጥራለን፣ ኪስ እንቀይራለን።

አንድ ቀን ጠዋት የካኪ ጣቃ ከመሬት ሳነሣ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ሲንሸራተት ተሰማኝ። አልጮኽሁም። ጣቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሥራዬን ቀጠልሁ። ማታ ግን ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ ዳሌዬ አልፎ እስከ እግሬ አውራ ጣት ወረደ። ሳስነጥስ እግሬን በእሳት የነኩኝ ያህል ነበር።

በመጀመሪያ ኩላሊት ነው ተብሎ ለሁለት ወር ክኒን ዋጥሁ። ቀጥሎ ወጌሻ መጡ። ቅቤ ቀብተው አሹኝ፤ እግሬን ሳቡት። ለሦስት ቀን የተሻለኝ መስሎኝ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። በጋለ ብረት መተኮስ ያድናል ያሉም ነበሩ፤ እሱን እንቢ አልሁ።

ከዚያ ወልዴ የጭነት መኪና ላይ በጆንያ መሀል አስተኝቶ፣ የራጅ መሣሪያ ወዳለበት አንድ ሆስፒታል ወሰደኝ። አንድ ቀን ተኩል የሚወስድ መንገድ ነበር። ሁለት ፊልም ተነሣሁ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከጎን። ፊልሞቹ እንደ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥተው እስኪደርቁ ድረስ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ። እዚያ የነበሩት ሐኪም የጎኑን በመስኮት ብርሃን አይተው፣ “በሁለት አጥንቶች መሀል ያለው ቦታ ጠቧል። የአጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ጀምሪ፤ ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ይዘሽ ተመለሺ” አሉኝ። ለነገሌ ጤና ጣቢያም ደብዳቤ ጻፉልን።

“ፊልሙን ይዘሽ ተመለሺ” ያሉትን እኔም ወልዴም ሰምተናል። ይህን አልደብቅም።

“ሊሆን ይችላል” የተባለው ነገሌ ስንደርስ “ነው” ሆነ። በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ ክኒን። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ነበር፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ወረፋ እጠብቃለሁ። የማያውቀኝ ሰው ሁሉ “ተቀመጪ እንጂ፣ ቦታ አለ” ይለኛል። መልስ መስጠት ሲሰለቸኝ ዛፉ ሥር መቆም ጀመርሁ።

እቴቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ልጆቻቸውን በሳንባ ነቀርሳ ቀብረዋል። ቲቢ የሚለውን ቃል እንደሰሙ ምሕረትን ከጎኔ አነሡና ወደ ራሳቸው አልጋ ወሰዷት። ኩባያዬን ለዩ፤ ሳሕኔን ለዩ። ከዚያ ከወልዴ ጠረጴዛ ላይ የልብስ ጠመኔ አንሥተው፣ ከመኝታ ክፍላችን መቃን ጀምረው በሲሚንቶው ላይ አንድ ነጭ መስመር አሰመሩ።

“ከዚህ እንዳታልፊ” አሏት ልጅቷን።

ምሕረት በመጀመሪያዎቹ ቀናት አለቀሰች። በኋላ ለመደች። ጠዋት ትመጣና የሁለት እግሯን ጣቶች መስመሩ ላይ ደርድራ ቆማ ታየኛለች። አትሻገርም። ቅዳሜ ቤት ሲጠረግ መስመሩ ይደበዝዛል፤ እቴቴ መልሰው ያሰምሩታል። ወልዴ አንድ ቀን፣ “እማዬ፣ አሁንስ ይብቃዎት” ቢላቸው፣ “አንተ ቀብረህ ታውቃለህ?” አሉት።

መስመሩን የሚሻገሩ አንድ ሰው ነበሩ። ወተት የሚያመጡልን አዴ ሎኮ የሚባሉ ከከተማው ዳር የሚኖሩ የቦረና ሴት ናቸው፤ “አዴ” እንደ እማማ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ዕቃቸውን በር ላይ አስቀምጠው ቀጥ ብለው ይገቡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።

“አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ? ናጋ?” ይሉኛል፤ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ሰላም ነው ማለታቸው ነው።

“ናጋ፣ አዴ። ይራቁ፣ ይይዝዎታል ይላሉ።”

“ማን ነው የሚል? ሳል የለሽ፣ ደም የለሽ። ግመል ወገቡን ሲታመም እኛ ጭነት እንቀንሳለን እንጂ ከመንጋ አናወጣም።” ይህን የሚሉት እቴቴ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው።

እቴቴ ከጓዳ፣ “ግመል ልጅ አያጠባም እንዴ? ጥጃዋንስ አትጠብቁም?” ብለው ይመልሳሉ።

“የግመል ልጅ ጥጃ አይባል፣ አዴ!” ይሉና አዴ ሎኮ ይሥቃሉ። በዚያ ቤት ውስጥ በእነዚያ ወራት የተሣቀው እሱ ብቻ ነበር።

ስለ ሳሉ እንኳ ተሳስተው ነበር፤ ሳል የሌለው የአጥንት ቲቢ እንዳለ በኋላ ሐኪም ነግሮኛል። ቢሆንም ያ አልጋዬ ጫፍ ላይ መቀመጣቸው ብዙ ቀን አሳድሮኛል።

አሁን ወደ ፊልሙ ልምጣ። እቴቴ “የበሽታ ፎቶ ከሰው ጋር አያድርም” ብለው የፊቱን ፊልም እሳት ውስጥ ጨመሩት። ቤቱ ለሁለት ቀን በመጥፎ ሽታ ታፈነ። የጎኑ እንዲተርፍ ብዬ ለወልዴ ሰጠሁትና ወደ ስፌት ቤቱ ወሰደው። እዚያ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ሰነበተ። አንድ ሳምንት ከጦር ሰፈሩ ብዙ የኮሌታ ሥራ መጣ። የወረቀት ልካችን አርጅቶ ጫፉ ተበልቷል። ወልዴ ፊልሙን ከግድግዳው አውርዶ በጣቶቹ መሀል አጠፍ ዘርጋ አደረገው።

“ይሄ እኮ የማያልቅ ነገር ነው። አይቀደድም፣ ጫፉ አይበላም።”

“ሐኪሙ ይዘሽ ነይ ብለውኝ የለ?”

“የጻፉት ደብዳቤ አለ አይደል? የሚያስፈልገው ጽሑፉ ነው። ሥዕሉን አይተው ጨርሰዋል።”

እኔም እንደዚያ መሰለኝ። የስፌት ሰው ልኩን ደብተር ላይ ከጻፈ በኋላ ደንበኛውን መልሶ አይለካውም። መቀሱን ያቀበልሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ኮሌታ፣ ሁለት የኪስ ክዳንና አንድ የትከሻ ማሠሪያ ወጣው። ሌላ ሰው ቢሆን ፊልሙን በሙቅ ውኃ አጥቦ ሥዕሉን ያስለቅቀው ነበር። ወልዴ ግን በካኪው ላይ ጥቁሩ ጎልቶ ይታየኛል ብሎ እንዳለ ተወው። ከዚያ በኋላ በሆዴ ተኝቼ መሥራት በምችልባቸው ሰዓታት ኮሌታ የማሰምረው እኔ ነበርሁ። ለስንት ወታደር አንገት በወገቤ ዙሪያ ጠመኔ እንዳስኬድሁ አላውቅም።

የስድስት ወሩ ቀጠሮ በመንገዱ ርቀት አለፈን፤ መድኃኒቱን በጀመርሁ በስምንተኛው ወር ግራ እግሬ መጎተት ጀመረ። ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሲቀር አይሰማኝም ነበር። ጤና ጣቢያው ወደ አዲስ አበባ ላከኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን፣ ምሕረትን ለእቴቴ ትተን፣ በዋደራና በክብረ መንግሥት አድርገን ሄድን። ስወጣ ልጄ መስመሯ ላይ ቆማ ነበር። እጄን አወዛወዝሁላት።

አዲስ አበባ ያገኘናቸው ሐኪም ሸበት ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። እግሬን ቀና አድርገው አነሡት፤ ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ ነካኩ። ደሜንና ደረቴን አስመረመሩ። የወገቤን አዲስ ራጅ አስነሥተው ብርሃኑ ላይ ሰቀሉት። ብዙ ከቆዩ በኋላ እኔንም ወልዴንም ጠርተው በብዕራቸው ጫፍ አሳዩን።

“እነዚህ አከርካሪ አጥንቶች ናቸው። በየመሀላቸው እንደ ትራስ ያለ ነገር አለ፤ ዲስክ ይባላል። ራሱ በራጅ አይታይም፤ የምናየው ቦታውን ነው። እዚህ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መሀል ቦታው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ይህ ከሁለት አንድ ነው። ወይ ዲስኩ አርጅቶ አልቋል፤ ወይም ቲቢ በልቶት መድኃኒቱ አቁሞታል። መድኃኒት ከመጀመርሽ በፊት የተነሣውን ካየሁ እለየዋለሁ። ቲቢ የአጥንቱን ጠርዝ ይበላል፤ እርጅና ጠርዙን አይበላም፣ ያጠነክረዋል። የመጀመሪያው ፊልም የት አለ?”

ወልዴ ጫማውን አየ።

“ኮሌታ ሆኗል፣ ዶክተር።”

“ምን ሆኗል?”

“ኮሌታ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ልክ ቆረጥሁበት።”

ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ ሣቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሐኪሙ አልሣቁም።

“ቁራጩ አለ?”

“አለ።”

“ሂድና አምጣው። ከሌለ ወገቧን ከፍተን ከአጥንቷ ቁራጭ ማውጣት ይኖርብናል። እሱን ደግሞ ያለ ምክንያት ማድረግ አልፈልግም።”

ወልዴ በማግሥቱ ሄደ። እኔ ዐሥራ ሦስት ቀን ጠበቅሁት። ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ የመስኮት ጥግ ደርሶኝ ነበር። ያሰብሁት ስለ ቢላዋው አልነበረም። ቲቢ ነው ከተባለ መድኃኒቱ ሌላ አሥር ወር ይቀጥላል፤ መስመሩም አብሮት ይቀጥላል። ሕፃን ልጅ በአሥር ወር ውስጥ ምን ያህል እንደምትረሳ አስብ ነበር። አጠገቤ የተኙት ሴትዮ ሳልጠይቃቸው በየጠዋቱ ፀጉሬን ይሠሩኝ ነበር፤ ስማቸውን ሳልጠይቅ መለያየታችን ይቆጨኛል።

በዐሥራ አራተኛው ቀን ወልዴ መጣ፤ ከኋላው እቴቴ፣ እቴቴ ጀርባ ላይ ምሕረት። ገርሞኝ አየሁት።

“እማዬ ‘እኔ በገዛ ጆሮዬ ካልሰማሁ ልጅቷን አልሰጥም’ ብለው ነው” አለኝ። ከዚያ የዘገየበትን ምክንያት ነገረኝ። ትልቁን ኮሌታ ሀገረ ማርያም ለሚሠራ የአገሩ ልጅ አውሶት ኖሯል። በዚያ በኩል ዞረው እሱን ሲቀበሉ፣ ሰውዬው “በምን ልሥራ?” ብሎ አልሰጥም ስላለ፣ ወልዴ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ከካርቶን ሌላ ልክ ቆረጠለት። መንገድ ላይ ደግሞ ፍተሻ ነበር።

“ጥበቃው ከረጢቱን ፈትቶ ‘ይሄ ምንድን ነው፣ ጓድ?’ አለኝ። ‘የሚስቴ ወገብ ነው’ አልሁት።”

“ምነው ወልዴ!”

“ምን ልበለው? እውነቱ እሱ ነው። ‘ትቀልዳለህ?’ ብሎ አፈጠጠ። እማዬ ከመኪናው ወርደው ‘ልጄ፣ የሚቀልድ ዘር የለንም፤ የምራቴ ወገብ ነው፣ ሐኪም ይጠብቀዋል’ አሉት። ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው፤ አጥንቱ ታየው። ከዚያ አንገቱ ላይ ለካው።”

“እሺ?”

“ልኩ ነው። ዐርባ። ‘እለፉ’ አለን።”

ከሕመሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅሁ፤ ወገቤን አመመኝ። እቴቴ አልሣቁም፤ ወደ አልጋዬም አልቀረቡም። ምሕረት በትከሻቸው ላይ አሻግራ አየችኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ጠሩን። እንግዲህ መጀመሪያ ወዳልሁት ክፍል ተመልሰናል።

ወልዴ ቁራጮቹን አንድ በአንድ አወጣ። ባለሙያው ማብሪያውን ተጫነ። ሐኪሙ አንዱን የኪስ ክዳን ከላይ አስቀመጡ፣ አልገጠመም፤ ገለበጡት። ወልዴ፣ “ይፍቀዱልኝ፣ ዶክተር፤ የቆረጥሁት እኔ ነኝ” አለና ጠጋ አለ። የትከሻውን ማሠሪያ በቁመቱ፣ ሁለቱን የኪስ ክዳኖች ከላይ፣ ትንሹን ኮሌታ ከሥር፣ ትልቁን ከመሀል አደረገ። መቀሱ የበላው ቦታ እንደ ስንጥቅ ብርሃን ያሳልፋል። ግን አከርካሪው ቆመ። አራተኛውና አምስተኛው አጥንት ከሀገረ ማርያም በመጣው ኮሌታ ላይ ሳይቆረጡ አብረው ነበሩ። በጥቁሩ ላይ የእኔ የጠመኔ ምልክት አለ፤ ሐኪሙ በመሐረባቸው ጠረጉት።

አዲሱን ፊልም አጠገቡ ሰቀሉ። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዩ። ወልዴ ከረጢቱን እያጠፈ ይዘረጋል።

“ጠርዙ ሙሉ ነው” አሉ በመጨረሻ። “አንዲት መርፌ ከመወጋቷ በፊትም ሙሉ ነበር። ይቺን ወጣ ያለች አጥንት ታያላችሁ? ይህች በዓመታት የምታድግ ናት፤ ያኔም ነበረች፣ አሁንም ያው ናት። ትኩሳት የለባትም፤ ደረቷ ንጹሕ ነው። ይህ ቲቢ አይደለም። ያለቀ ዲስክ ነው፤ ነርቯን ተጭኗል።”

ስለ ሕክምናው ባጭሩ ልጻፍ። መርፌውና ክኒኑ በሐኪሙ ትእዛዝ ቆመ፤ በገዛ እጄ አላቆምሁትም፣ ማንም በገዛ እጁ እንዳያቆም። ጠንካራ ሳንቃ ላይ አንድ ወር ተኛሁ። ብረት የገባበት ወፍራም የወገብ መታጠቂያ ሰጡኝ፤ ሲያልቅ ወልዴ በካኪ እየሰፋ ሦስት ጊዜ አደሰልኝ። የስፌት መኪናዬን በጡብ ከፍ አደረገው። ጣቃ ማንሣት፣ ውኃ መሸከም ቀረ። እግሬ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ በዓመቱ ገበያ በእግሬ ደርሼ መጣሁ። አውራ ጣቴ ዛሬም የደነዘዘ ነው። አሁን በከተማችን ባጃጅ ይሮጣል፤ ዲስኩን ራሱን የሚያሳይ መሣሪያም መጥቷል ይሉኛል። ቢሆንም ሐኪም ዛሬም የድሮውን ፊልም ይጠይቃል። ፊልማችሁን አስቀምጡ። የአንድ ቀን ሥዕል ብቻውን አይናገርም፤ ሁለተኛው ሲመጣ ነው የሚናገረው።

ያን ዕለት ግን ገና ክፍሉ ውስጥ ነን። እቴቴ ከበሩ አጠገብ ተናገሩ።

“ልጅቷስ፣ ዶክተር? መቼ ነው እናቷ ዘንድ የምትሄደው?”

“ልጅቷ ምን ሆነች?”

“እንዳይዛት ብዬ ለይቻታለሁ። ስምንት ወር አልፏታል።”

ሐኪሙ መብራቱ እንዲጠፋ ምልክት ሰጡ። ወደ እቴቴ ዞሩ።

“እናቴ፣ ደረቷ ንጹሕ ነው። የአጥንት ቲቢ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ልጅ በማቀፍ አይተላለፍም ነበር።”

እቴቴ ሐኪሙን አዩ። ከዚያ ማዘያውን ደረታቸው ላይ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው አስቸገራቸው። ወልዴ ሊረዳቸው ቢጠጋ በክርናቸው ከለከሉት። ፈትተው ምሕረትን ወለሉ ላይ አቆሟት፤ ጀርባዋን በመዳፋቸው ገፋ አደረጓት።

ወለሉ ግራጫ ንጣፍ ነው፤ በመሀሉ አንድ ረድፍ ጥቁር ያልፋል። ልጄ አራት እርምጃ ሮጠች። ጥቁሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። የእግሯን ጣቶች ጠርዙ ላይ ደርድራ አየችኝ።

“ምን ትጠብቃለች?” አሉ ሐኪሙ።



ከግድግዳው ተላቀቅሁ። ጥቁሩን ረድፍ ተሻገርሁ። መጎንበስ ስለማልችል እጄን ብቻ ወደ ታች ዘረጋሁላት። ያዘችው። በእቴቴ አጠገብ አልፈን ወጣን።